በጨፌው ያልተቀመጡት እንደራሴ

ይህን የምጽፈው ነገሩ በሁለት ዓይነት ስለሚወራና ሁለቱም ወሬዎች ስሕተት ስለሆኑ ነው። ከተማ ውስጥ፣ በተለይም በኮሌጁ አካባቢ፣ መምህሬ የምክር ቤት ወንበራቸውን ያጡት መንግሥት ስላልወደዳቸው ነው ይባላል። እዚህ የካ ውስጥና ከበላዩ ባለው የእንጦጦ ተራራ ጥግ ደግሞ ትዕቢት ጣላቸው ይላሉ። መንግሥት በዚህ ጉዳይ እጁን አላስገባም። መምህሬም ትዕቢተኛ አልነበሩም። እኔ በቦታው ነበርኩ፤ ጨፌው ላይ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ነኝ። ያየሁትን ገና ሳይደበዝዝብኝ በጽሑፍ ማኖር ግዴታዬ መስሎ ተሰምቶኛል።

መምህሬ የምላቸው በእርግጥም ስላስተማሩኝ ነው። በኮሌጅ የሕግ ታሪክ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ጉርድ ሾላ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ስቀጠር ደግሞ ጎረቤታሞች ሆንን፤ ሁለታችንም የዚሁ ተራራ ልጆች ነንና። ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ፣ ባሕር ዛፉ አብቅቶ የጤፍና የገብስ ማሳው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነበር። ውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ ባልደረቦቻቸው ከኮሌጁ አጠገብ ቤት ተከራዩ። እሳቸው ግን ባል ሞቶባቸው ብቻቸውን ይኖሩ ወደነበሩት እናታቸው ቤት ገቡ። ክረምት ሲመጣ መኪናቸውን ከድልድዩ በታች ያቆሙና ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ጭቃውን ይወጡታል። ሰው ይህን ይወድላቸው ነበር። "ዶክተር ሆኖም ጭቃችንን አልናቀውም" ይሉ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ይቀመጣሉ፤ ጉዳይ ያለበት ሁሉ ይመጣል። የሚመጣው ነገር የወሰን፣ የውሃና የከብት ነው። ባለጉዳዩ በአማርኛም ይናገር በኦሮምኛ፣ እሳቸውም በዚያው ቋንቋ ሲመልሱ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ማስረጃህ ምንድን ነው? ከዚህ የተነሣ ሰዉ "አቶ ማስረጃ" የሚል ስም አወጣላቸው። ስሙን ሲሰሙ ይስቁ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ሴት የጎረቤቷ በሬ ገብሷን እንደጨረሰባት ልትነግራቸው መጣች።

"ማስረጃሽ ምንድን ነው?"

"በሬውን ይዩት። ወፍሯል።"

"በሬ እኮ በሣርም ይወፍራል፣ እኅቴ።"

"የዚያ ሰውዬ ማሳ ላይ ሣር እንደሌለ እርስዎ ያውቃሉ። በየቀኑ በዚያ አይደል የሚያልፉት? እንግዲህ ምስክሬ እርስዎ ነዎት።"

መምህሬ ይህችን ሴት ክፍል ውስጥ ሳይቀር እየጠቀሱ ያስተምሩ ነበር። ከተራራው የሰሙትን ሁሉ ወደ ክፍል ይዘው መሄድ ልማዳቸው ነው፤ ከክፍል ያሰቡትን ደግሞ ወደ ተራራው ይዘው ይመለሳሉ። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ለእሳቸው አጭር ነበር። እኛም ተማሪዎቻቸው ሰው መሆን ያለበት እንደዚህ ነው እንል ነበር።

በአምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ላይ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲወዳደሩ፣ ከተራራው ሰው ጋር መነጋገር እንጂ ማስተዋወቅ አላስፈለገንም። የምርጫ ምልክታቸው ፋኖስ ነበር። የተራራው ሰው በአንድነት ወጥቶ መረጣቸው። እንደራሴ ሆነውም ከወይራው ሥር አልጠፉም። የወረዳው ችሎት በገበያ ቀን እየዋለ ሰው ከሁለት አንዱን ሲያጣ ኖሯል፤ ቀኑን አስለወጡት። ለሰማው ትንሽ ነገር ነው፤ እህሉን ወደ ሾላ ገበያ ለሚያወርድ ገበሬ ግን ትንሽ አልነበረም።

ትልቁ የትምህርት ሥራቸው ስለ አፈርሳታ የጻፉት ጥናት ነው። ከተማ ተወልዶ ላደገ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። ገጠር ውስጥ ክምር ሲቃጠል ወይም ከብት ሲሰረቅና አጥፊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ጭቃ ሹሙ የአካባቢውን ወንድ ሁሉ አንድ መስክ ላይ ይሰበስባል። ሁሉም መሬት ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ በተራው ምሎ የሚያውቀውን ይናገራል። ሽማግሎቹ እስኪያሰናብቱ ድረስ ወደ ሥራው የሚሄድ የለም፤ ያልመጣ ሰው ይጠረጠራል። አጥፊው ካልተገኘ የጠፋውን አካባቢው ተካፍሎ ይከፍላል። በአደባባይ ለመናገር የሚፈራ ሰው ደግሞ የሚያውቀውን በምስጢር ለሽማግሌ ያደርሳል፤ ሽማግሌውም በጉባኤው ፊት ተነሥቶ "ወፍ ነገረችኝ" ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው። ወሬዋ እንዴት ሽማግሌው ጆሮ እንደሚገባም የሚያውቁት ሽማግሎቹና ወፍ ሆነው የሚያውቁ ሰዎች ብቻ ነበሩ።

መምህሬ ይህን ያወቁት ከክርስትና አባታቸው ነው። እኚህ ሽማግሌ የተራራው ጉባኤ ሰብሳቢ ነበሩ፤ የመምህሬ አባት ከሞቱ በኋላም እንደ ልጃቸው ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ማታ ማታ ከመደቡ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ሽማግሌው እየተናገሩ፣ መምህሬ እየጻፉ፣ ብዙ ወራት አሳልፈዋል። እኔም አንዳንድ ጊዜ አብሬ እቀመጥ ነበር። ሽማግሌው የወፏን ነገር ሲነግሯቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰብሳቢው ብቻውን ተነሥቶ ከጨፌው ጀርባ ወዳለው የድንጋይ ካብ ይሄዳል፤ ጀርባውን ለካቡ ሰጥቶ ይቀመጣል። ወፏ ከካቡ ወዲያ ማዶ ትመጣና ተናግራ ትሄዳለች። ሽማግሌው ፊቱን አያዞርም።

"እስከ ዛሬ የማናቸውንም ፊት አላየሁም" አሉ ሽማግሌው። "ድምፁን ባውቀው እንኳ አላውቀውም።"

"ዞረው ለማየት አልፈለጉም?"

"ከዞርኩማ ሁለተኛ ማን ይመጣል?"

መምህሬ ይህን ጻፉት። የጥናታቸው መደምደሚያ አፈርሳታ መቅረት አለበት የሚል ነው። ንጹሑ ከአጥፊው እኩል ይታሰራል፤ ያላጠፋው ይከፍላል፤ ፊቱን የማያሳይ ምስክር ሰውን ያስወነጅላል። ሐሳባቸው ያን ጊዜ ትክክል መስሎ ታየኝ፤ ዛሬም ትክክል ይመስለኛል። ጥናቱ በኮሌጁ መጽሔት ላይ ወጣ፤ ያነበብነው ጥቂቶች ነን። የምክር ቤት ዘመናቸው ሊያበቃ ዓመት ያህል ሲቀረው ግን ስለ ገጠር ፍርድ አንድ ሕግ ለውይይት ቀረበ። መምህሬም ተነሥተው ረዥም ንግግር አደረጉ። የሰው ስም አልጠሩም፤ የቦታም ስም አልጠሩም። ካቡን ግን ጠሩት፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጀርባውን ሰጥቶ የሚቀመጠውን ሽማግሌ አንድ በአንድ ገለጹት። በማግስቱ ጋዜጣ አወጣው።

ጋዜጣው ወደ ተራራው የወጣው በወፍጮ ቤቱ በኩል ነው። የወፍጮው ባለቤት ተጫዋች፣ የሁሉንም ስምና የሁሉንም ልጆች ቁጥር የሚያውቅ ሰው ነበር፤ በሚቀጥለው ምርጫ መምህሬን ሊወዳደር እንዳሰበም አልደበቀም። አሸዋም ይሸጥ ስለነበር፣ በዚያ ቀን ስለ ትምህርት ቤቱ ግንብ ላነጋግረው ሄጄ ነበር። ወፍጮውን አስቁሞ፣ እህላቸውን ይዘው ወረፋ ለሚጠብቁት ጮክ ብሎ ያነባል።

"እዚህ ላይ ስሙ" አለ፤ ጣቱን ጋዜጣው ላይ አድርጎ። "የተከበሩ እንደራሴ ምን እንዳሉ ስሙ። ሽማግሌው ካብ ጥግ ይቀመጣል፣ ጀርባውን ይሰጣል፣ ነጋሪው ከወዲያ ማዶ ይመጣል። አያችሁ? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ወፏ ከየት እንደምትመጣ አላውቅም ነበር። ፋኖሱ አበራልን።"

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አብዛኛው ግን አልሳቀም።

"የትኛው ካብ እንደሆነ ጽፏል?" አለ አንድ ገበሬ።

"ከጨፌው አጠገብ ስንት ካብ አለ?" አለ ሌላው።

የወፍጮው ባለቤት ወደ እኔ ዞረ። "መምህር፣ አንተ የእሱ ተማሪ ነህ። ስሕተት አንብቤ እንደሆነ አርመኝ።"

ስሕተት አላነበበም። ሞተሩን አስነሣውና መልስ ሳልሰጥ ዳንኩ።

ያንኑ ዕለት ማታ ለመምህሬ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "ስም አልጠቀስኩም" አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ "ሕግ የሚወጣው በምስጢር አይደለም። ሊቀር ስለሚገባው ነገር የምናገር ከሆነ ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ" አሉ። እናታቸው ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ጥጥ ያባዝቱ ነበር። ቀና ብለው አላዩንም።

በጥር ወር፣ ጤፍ ታጭዶ ተከምሮ ውድማ በሚጠብቅበት ጊዜ፣ የአንድ ጭሰኛ ክምር ሌሊት ተቃጠለ። የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ ነበር። ነገሩን ያከበደው ሌላ ምክንያት አለ። በቀደመው ቅዳሜ ይኸው ጭሰኛ የመስኖ ውሃ ክርክር ይዞ ወይራው ሥር ቀርቦ ነበር፤ መምህሬም ማስረጃ የለህም ብለው መለሱት። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ፣ "ከእንግዲህ የምመርጠው ባለ ወፍጮውን ነው" ብሎ ሰዉ ሁሉ እየሰማ ሄደ። ስለዚህ ክምሩ ሲቃጠል ማንም ምንም ሳይል ዓይን ወደ መምህሬ ቤት ዞረ። እሳቸው ክምር እንደማያቃጥሉ ሁሉም ያውቃል። የእሳቸውን ፊት ፈልጎ ያቃጠለ ሰው ይኖር ይሆን የሚል ጥርጣሬ ግን ነበር፤ ምርጫውም ሩቅ አልነበረም።

ጭቃ ሹሙ በየቤቱ እየዞረ ጠራን። መምህሬ ቤት ሲደርስ እኔም እዚያው ነበርኩ። ባርኔጣውን አውልቆ ከደጃፉ ቆመ።

"ነገ ጧት ጨፌው ላይ ነው፣ ጌታዬ። ወንድ ሁሉ።"

"ሰውን ያለ ፍርድ ይዞ ማቆየት ሕጉ እንደማይፈቅድ ታውቃለህ። ተናግሬበታለሁ።"

"ሰምተናል፣ ጌታዬ። ሕጉ የማይፈቅደው እርስዎን ነው ወይስ እኛን?"

"ሁላችንንም።"

"እንግዲያው መጥተው ሁላችንንም ያሰናብቱን" አለና እጅ ነሥቶ ወጣ። የተናገረው በክፋት አልነበረም።

ጭቃ ሹሙ ከሄደ በኋላ ለመንኳቸው።

"ጋሼ፣ ይምጡና ይቀመጡ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅዎት ሰው የለም።"

"ብቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ጎረቤት ነኝ ማለት ነው።"

"ለእነሱ እንደዚያ ነው። ለእኔ ግን ያስተማርኩትንና በምክር ቤት የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ ነው። ሰኞ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ምን እላለሁ? ደግሞም ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ እንደራሴን ይዞ ማቆየት አይቻልም። ይህ መብት የእኔ አይደለም፤ የመረጠኝ ሰው መብት ነው። እኔ ልሰጠው አልችልም።"

ከእሳቱ ዳር ተቀምጠው ይሰሙ የነበሩት እናታቸው ያን ጊዜ ቀና አሉ። "የመረጠህ ሰው እኮ ነገ ጨፌው ላይ ነው" አሉ።



በማግስቱ ጧት ወደ ጨፌው ወረድኩ። ጨፌው በክረምት ረግረግ ነው፤ በበጋ ይደርቅና መስክ ይሆናል። ከወዲያ በኩል ካቡ ይታያል፤ የተጠረበ ድንጋይ አይደለም፣ ሙጃ የበቀለበት ተራ ካብ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አልፌበት ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። በዚያ ቀን ግን የተቀመጥነው ሁሉ የምናየው እሱን ነበር። ሰዎች በየተራ ማሉ። ሰማሁ ያለ የለም፤ አየሁ ያለ የለም። እኔም ተራዬ ሲደርስ ምዬ የማውቀው ነገር እንደሌለ ተናገርኩ፤ እውነት ነበር። ጭሰኛው ከሁላችንም ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ሲናገር አፍ አፉን ያያል። ከእጁ ላይ አመዱ ገና አልለቀቀም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰብሳቢው ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ካቡ ሄዱ። ያን ጊዜ የሆነው ነገር ዛሬም ከፊቴ አይጠፋም። ማንም ሳያዝ፣ የተቀመጠው ሕዝብ በሙሉ ፊቱን ወደ ካቡ አዞረ። ማን እንደሚነሣ፣ ማን ለሽንት መስሎ ወደዚያ እንደሚሄድ ለማየት። በካቡ ማዶ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ጭንቅላቱ በታየ ነበር። ሽማግሌው ጀርባቸውን ለካቡ ሰጥተው ስለተቀመጡ ፊታቸው ወደ እኛ ነበር፤ የምናያቸው መሆኑን አዩ። እስኪጨልም ተቀምጠው ተመለሱ። በጉባኤው ፊት ቆመው "ወፍ አልመጣችም" አሉ። በኋላ የዕድሜ ባለጠጎቹ እንደነገሩኝ፣ ይህን ቃል በዚያ ጨፌ ላይ የሰማ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

በነጋታው ሰማዩ ደመነ። በጥር ዝናብ ከጣለ ያልተወቃው እህል ይበሰብሳል፤ ሰዉም ይህን እያወቀ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ረፋድ ላይ የመምህሬ እናት በትራቸውን ይዘው፣ ነጠላቸውን አደግድገው መጡ። ከሰዉ ጠርዝ ላይ ቆሙ።

"እመቤት፣ ሴት በአፈርሳታ አትቀመጥም" አሉ ሽማግሌው። በልጅነት የሚያውቋቸው ሴት ናቸው።

"ቤቴ ወንድ ካጣ እኔ እቀመጣለሁ።"

ማንም አልሳቀም። የወፍጮው ባለቤት እንኳ መሬት መሬቱን አየ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አውልቀው አነጠፉላቸው፤ እሳቸውም ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ማሉ። "እኔም ቤቴም ስለዚህ እሳት የምናውቀው የለም" አሉ።

መምህሬ ከሰዓት በኋላ መጡ። እናታቸው የት እንደሄዱ የሰሙት ከኮሌጅ ሲመለሱ ነው። ሙሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ክራቫታቸውን እንዳሰሩ፣ በማሳው መካከል በፍጥነት ሲመጡ ሁላችንም ከሩቅ አየናቸው። እናታቸው መሬት ላይ መቀመጣቸውን ሲያዩ ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። ክፍል ውስጥ እንደሚናገሩት ቀስ ብለው፣ ቃላቱን እየለዩ ተናገሩ፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ።

"ማንም እናንተን ይዞ ማቆየት አይችልም። እህላችሁ ውጭ ነው፤ ሰማዩን ታያላችሁ። ጥፋተኛውን መፈለግ የፖሊስ ሥራ ነው። ተነሡና ወደ ሥራችሁ ሂዱ። የሚጠይቃችሁ ቢኖር እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ።"

እውነቱን ለመናገር በውስጤ እንዲነሡ ተመኘሁ። ከኋላ በኩል አንድ ወጣት ጉልበቱን ሰብሰብ ሲያደርግ አየሁት፤ አባቱ ክንዱን ያዘው። ሌላ የተንቀሳቀሰ የለም።

ሽማግሌው፣ "ተቀመጥ" አሉ።

"አባቴ፣ እኔ የመጣሁት…"

"የመጣህበትን ሰማሁ። ተቀመጥና ተናገር። እዚህ ቆሞ የሚናገር የለም።"

"ብቀመጥ ይህን ነገር ልክ ነው እንዳልኩ ይቆጠራል።"

"ወፏን ያባረርካት አንተ ነህ" አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "እኔ ለልጄ ነገርኩ፤ ልጄ ለአገር ሁሉ ነገረ። ይሁን። እኔ እንኳ ይቅር ብልህ ይህ ሰው" ወደ ጭሰኛው ጠቆሙ፣ "ክምሩን ማን እንዳቃጠለበት ሳያውቅ ሊኖር ነው። ወፏን ልትመልሳት አትችልም። መቀመጥ ግን ትችላለህ። የምጠይቅህ ይህንኑ ብቻ ነው።"

የወፍጮው ባለቤት ከጎኔ ሆኖ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ከተቀመጠ ምርጫው የእሱ ነው" አለኝ። ትክክል ነበር። ያን ጊዜ ቢቀመጡ ያ ሕዝብ ዳግመኛ በአንድነት ይመርጣቸው ነበር። እሳቸውም አውቀውታል። ፊታቸው ላይ አየሁት። ቀኝ ጉልበታቸው እጥፍ አለ፤ ተመልሶ ቀና አለ። እናታቸውን አዩ፤ እናታቸው ግን አላዩዋቸውም። ከዚያም፣ "የማላምንበትን አላደርግም" አሉና ቆመው ቀሩ።

ቆመው ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። እኛ ተቀምጠናል፤ እሳቸው ቆመዋል። ጠብታ መጣል ጀመረ። ሽማግሌው ተነሥተው ጉባኤውን በተኑ። አጥፊ አልተገኘም፤ አካባቢው ተካፍሎ ይክፈል አሉ። መምህሬ እናታቸውን ሊያነሡ እጃቸውን ዘረጉ። እናታቸው በበትራቸው ተነሡ።

ለጭሰኛው ክፍያ እያንዳንዱ ቤት በየድርሻው ጤፍ ሰፈረ። የእኛም ቤት ሰፈረ። መምህሬ ከሁሉም ቤት ድርሻ የሚበልጥ ሙሉ ጆንያ በአህያ አስጭነው ላኩ። እኔ ከሚሰፍሩት ጋር ነበርኩ። ሽማግሌው ጆንያውን አዩና በእጃቸው እንኳ አልነኩትም።

"የእናቱን ድርሻ ትናንት ተቀብለናል፤ ራሳቸው ሰፍረው አምጥተዋል" አሉ። "የእሱ ድርሻ የለም።"

"አባባ፣ ሰውየው ይጠቀምበት ነበር" አልኩ።

"ያልተቀመጠ ሰው ድርሻ የለውም፣ ልጄ። ከምን ላይ ይከፍላል?"

አህያዋን ይዤ የተመለስኩት እኔ ነኝ። መምህሬ ጆንያው ሲራገፍ ከመስኮት ሲያዩ ነበር፤ ወጥተው አልጠየቁኝም። ከሁሉ ነገር ይልቅ የጎዳቸው ይህ እንደሆነ በኋላ ከአነጋገራቸው ገባኝ። ወንበራቸውን የሚያጡ መሆኑን ጨፌው ላይ ቆመው ሳለ ያወቁት ይመስለኛል። ካሣ ለመክፈል እንኳ እንደማይቆጠሩ ግን አልጠበቁም ነበር፤ ስለ አፈርሳታ በጻፉት ጥናት ውስጥ፣ ያላጠፋ ሰው እንዲከፍል መገደዱን ከሁሉ የከፋው በደል ብለው ጽፈውታልና። መከልከልም እንደሚኖር አልጻፉም።

ምርጫው ሲደርስ እኔ ለፋኖሱ ድምፄን ሰጠሁ። ከተራራው ሰው እንደኔ ያደረጉት ጥቂቶች ናቸው። የወፍጮው ባለቤት ተመረጠ፤ መጥፎ እንደራሴ ነው ማለት አልችልም። መምህሬ እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት ራሳቸው ወፍጮ ቤቱ ድረስ ሄዱ፤ ባለ ወፍጮውም ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ ክርስትና አባታቸው ቤት አብሬያቸው ሄድኩ። ስለ ጋብቻና ስለ ርስት ልማድ ሁለተኛ መጽሐፍ ጀምረው ነበር፤ ግማሹን ጽፈዋል፤ የቀረውን ሊጠይቁ ነው የመጡት። ሽማግሌው በትሕትና ተቀበሉን። መምህሬ እንደ ቀድሞው ወደ መደቡ ሊያመሩ ሲሉ፣ ሽማግሌው ለእንግዳ የሚወጣውን ወንበር አስመጡላቸውና በዚያ ላይ አስቀመጧቸው። ጥያቄ ሲጠየቁ፣ "እርጅና ነው፤ ረስቼዋለሁ" አሉ። ስለ ሰብሉ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ከተማው ጥቂት ተጨዋወትን። ስንወጣ በር ድረስ ሸኙን። ቀድሞ እስከ ወንዙ ይሸኙን ነበር።

በዚያው ዓመት መምህሬ ከኮሌጁ አጠገብ ቤት ተከራይተው ከተራራው ወረዱ። እናታቸው አብረው አልሄዱም። ዛሬም ያስተምራሉ፤ በጣም የተከበሩ ምሁር ናቸው። አሁን ከእሳቸው የሚማር አንድ የቀድሞ ተማሪዬን ስለዚያች ገብሷን ስለ ተበላች ሴት ነግረዋችሁ ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። ሰምቷት አያውቅም። የሚያስተምሩት የሮማን ሕግ ነው አለኝ።

ጨፌው ላይም ዳግመኛ አፈርሳታ አልተጠራም። መምህሬ በምክር ቤት የጠየቁት ይኸው ነበር፤ እነሆ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት በሬዎች ሲጠፉ ባለቤቱ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወረደ፤ እስከ ዛሬም ይመላለሳል። ክምሩን ማን እንዳቃጠለውም አልታወቀም። ምናልባት ያቃጠለው ሰው የለም፤ በዚያ ሰሞን ከላይ በኩል ከሰል ያከስሉ ነበርና ረመጥ ነፋስ አምጥቶት ይሆናል። ይህን የሚያውቅ ሰው ካለ የሚናገርበት ቦታ የለውም።

ከዚህ በላይ የምጨምረው የለም። የጠፋውን ልቁጠር።

የአንድ ጭሰኛ የዓመት ጤፍ።

አንድ የምክር ቤት ወንበር።

ግማሹ የተጻፈ አንድ መጽሐፍ።

የቅዳሜው የወይራ ሥር ችሎት።

አንዲት ወፍ።

አንድ የክርስትና አባት፤ አንድ የክርስትና ልጅ።